በቪዛ የገባው ወንድሜና በእግሩ የገባው የአክስቴ ልጅ፦ «ወረቀት የሌለው» ሰው ሁሉ በአሜሪካ ሕግ ፊት አንድ ነው?

ጥያቄ — እኅታቸው

ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጥያቄዬ ስለ ራሴ ሳይሆን በአንድ ጣሪያ ሥር አብረውኝ ስለሚኖሩ ሁለት ወጣቶች ነው፤ ዓመታቱን የጻፍኩት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታናሽ ወንድሜ በ2017 በጎብኚ ቪዛ በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ገባ። የተሰጠው የስድስት ወር ፈቃድ ካለቀ በኋላ እዚሁ ቀረ፤ ጥገኝነትም አልጠየቀም። የአክስቴ ልጅ ደግሞ በ2022 ከብራዚል ተነሥቶ፣ የዳሪየንን ጫካ አቋርጦ፣ በሜክሲኮ በኩል በእግሩ ገባ። ድንበር ጠባቂዎች ይዘው ጥቂት ቀናት ካቆዩት በኋላ አንድ ክምር ወረቀት አስይዘው ለቀቁት። የጥገኝነት ማመልከቻውን ዓመት ሳይሞላው አስገብቷል፤ የሥራ ፈቃድ አለው፤ ጉዳዩም በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ቀጠሮ ላይ ነው።

ወንድሜ ባለፈው ዓመት ዜግነት ያላት ልጅ አገባ፤ የአክስቴ ልጅም እንዲሁ ዜጋ ከሆነች እጮኛው ጋር ሊጋባ ነው። ግራ መጋባታችን የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ቡና ላይ የተቀመጠ ሁሉ ጠበቃ ሆኖብናል። አንዱ «ወንድምሽ ሕገ ወጥ ስለሆነ አዲስ አበባ ሄዶ ኤምባሲ ካልቀረበ ግሪን ካርድ አያገኝም» ይላል። ሌላው «የሥራ ፈቃድ የያዘው የአክስትሽ ልጅ ስለሆነ የእሱ ይቀላል» ይላል። ፎርም በመሙላት የሚተዳደር አንድ ሰው ደግሞ፣ ሁለቱም ያው ወረቀት የሌላቸው ናቸውና በአንድ ዋጋ አብሬ እጨርስላችኋለሁ ብሎ ቀብድ ተቀብሎናል፤ የወንድሜን ፓስፖርትም ወስዷል።

ለመሆኑ ሕጉ ሁለቱን በአንድ ዓይን ያያቸዋል? ወንድሜስ አዲስ አበባ መሄድ አለበት? እናቴ በስልክ በደወልን ቁጥር «ልጄ ወንጀለኛ ሆነ ወይ?» እያለች የምትጠይቀኝንም ጥያቄ እንዴት ልመልስላት?

መልስ — የጠበቃ ረዳት

እኅታችን፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ በአንድ የኢሚግሬሽን ሕግ ቢሮ ውስጥ በጠበቃ ረዳትነት 14 ዓመት ሠርቻለሁ። የምጽፈውም ስለ ሕጉ በጠቅላላው እንጂ የሁለቱን ልጆች ፋይል አይቼ አይደለም። ሆኖም ቡና ላይ የተነገራችሁ ነገር አብዛኛው የተገለበጠ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከነገሩን እንደተረዳሁት ምንም ወረቀት የሌለው ወንድምዎ ቀላሉ መንገድ ላይ ሲሆን፣ የሥራ ፈቃድ በኪሱ የያዘው የአክስትዎ ልጅ ከባዱ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱን ላስረዳ። እዚሁ አሜሪካ ተቀምጦ ግሪን ካርድ መውሰድን የሚፈቅደው የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ አንቀጽ 245 መጀመሪያ የሚመረምረው ሰውዬው ዛሬ በእጁ ምን እንደያዘ ሳይሆን፣ በገባበት ቀን በሩ ላይ ምን እንደሆነ ነው። በመግቢያው በር መኮንን ፊት ቀርቦ፣ ተፈትሾና ተፈቅዶለት ገብቷል? ወይም ፓሮል በሚባለው ልዩ ፈቃድ እንዲገባ ተደርጓል? ከሁለቱ አንዱ ከተሟላ መንገዱ ክፍት ነው። ሁለቱም ከሌሉ፣ ሰውዬው ሃያ ዓመት ግብር ሲከፍል የኖረና ሦስት ልጆች ያፈራ ቢሆን እንኳ በዚህ አንቀጽ መደበኛ መንገድ አይስተናገድም።

ወንድምዎ በደለስ የገባው መኮንን ፊት ቆሞ፣ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም ተመትቶለት ነው። ከዚያ በኋላ ቪዛው አልፎበት መቆየቱ፣ ያለ ፈቃድ ሠርቶም ከሆነ መሥራቱ፣ ለሌላ አመልካች መሰናክል በሆነ ነበር። ሕጉ ግን የዜጋ ባል ወይም ሚስት፣ ከ21 ዓመት በታች የሆነና ያላገባ የዜጋ ልጅ፣ እንዲሁም 21 ዓመት የሞላው ዜጋ አባትና እናት ለሆኑት እነዚህን ሁለት ጥፋቶች ያልፍላቸዋል። ስለዚህ ሚስቱ የቤተሰብ ማመልከቻውን (አይ-130)፣ እሱ ደግሞ የግሪን ካርድ ማመልከቻውን (አይ-485) በአንድነት ማስገባት ይችላሉ። የጋብቻቸውን እውነተኛነት የሚያሳዩ ማስረጃዎች፣ የሚስቱ የገቢ ዋስትናና የሐኪም ምርመራ ወረቀት አብረው ይገባሉ። ትዳሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከጸደቀ መጀመሪያ የሚሰጠው የሁለት ዓመት ግሪን ካርድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወንድምዎ አዲስ አበባ መሄድ የለበትም። ይህን በደማቁ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የኢሚግሬሽን ማሻሻያ ሕግ፣ ያለ ፈቃድ ከ180 ቀን በላይ፣ ነገር ግን ከአንድ ዓመት በታች ቆይቶ የወጣን ሰው 3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ የወጣን ደግሞ 10 ዓመት ተመልሶ እንዳይገባ ያግደዋል። የዚህ እገዳ ጠባይ እንግዳ ነው፤ ሰውዬው እዚህ እስካለ ድረስ ተኝቶ ይጠብቀዋል፣ የሚነቃውም ሰውዬው ድንበሩን ተሻግሮ ሲወጣ ነው። ወንድምዎ እዚህ ሆኖ ቢያመለክት አሥሩ ዓመት አይነካውም። አገሩን ናፍቆ ወይም «ኤምባሲ ቅረብ» ተብሎ ቦሌ ሲወርድ ግን አሥሩ ዓመት ያን ቀን መቆጠር ይጀምራል። በሠራሁባቸው ዓመታት ካየኋቸው አሳዛኝ ፋይሎች ውስጥ ብዙዎቹ ጥፋት የሠራ ሰው ፋይሎች አልነበሩም፤ መጥፎ ምክር ሰምቶ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ፋይሎች ነበሩ።

የአክስትዎን ልጅ በተመለከተ፣ የሥራ ፈቃድ ካርዱ እንዲሠራ እንጂ እንዲኖር የሚፈቅድ ወረቀት አይደለም፤ ማመልከቻው በእንጥልጥል ላይ ስላለ ብቻ የተሰጠ ነው። ጥገኝነቱ ከጸደቀለት ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል፤ ጥገኝነት ያገኘ ሰው በበር ይግባ በአጥር ሳይጠየቅ ከአንድ ዓመት በኋላ ለግሪን ካርድ ያመለክታልና። ጋብቻውን ተጠቅሞ ለማለፍ የሚፈልግ ከሆነ ግን መልሱ ያለው እርስዎ «አንድ ክምር ወረቀት» ብለው ባለፉት ክምር ውስጥ ነው። በ2022 ድንበር ላይ የተያዙ ሰዎች ሁሉ በአንድ ዓይነት ወረቀት አልተለቀቁም። አንዳንዱ በአንቀጽ 212(ዲ)(5) መሠረት በፓሮል ተለቀቀ፤ አንዳንዱ ደግሞ በአንቀጽ 236 መሠረት በራሱ ቃል ዋስትና ተለቀቀ። ለተለቀቀው ሰው ሁለቱም ያው አውቶቡስ ጣቢያ ያደረሱት ወረቀቶች ናቸው። ለግሪን ካርድ ሲሆን ግን የመጀመሪያው በር ይከፍታል፣ ሁለተኛው አይከፍትም፤ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድም በ2010 የአንቀጽ 236 መለቀቅ እንደ ፓሮል አይቆጠርም ብሎ ወስኗል። እባክዎ ክምሩን ፈትሸው ተመልሰው ይጻፉልን።

መልስ — የሲያትል ነዋሪ

የተሰጠውን ማብራሪያ አከብራለሁ፤ ይሁን እንጂ የአሥሩ ዓመት ነገር ሰው ለማስፈራራት የተጋነነ ይመስለኛል። የባለቤቴ ወንድም በተማሪ ቪዛ ገብቶ በ2012 ትምህርቱን አቋረጠ፤ እስከ 2018 ያለ ፈቃድ ሲሠራ ኖረ፤ ከዚያም በገዛ ፈቃዱ አዲስ አበባ ሄዶ በሚስቱ ማመልከቻ በኤምባሲው በኩል ተመልሶ ገባ። ማንም አሥር ዓመት አላገደውም። እኔ በዓይኔ ያየሁት ይህን ነው፤ ስለዚህ «በፍጹም አትሂድ» ከማለት በፊት ቢታሰብበት መልካም ነው።

መልስ — የጠበቃ ረዳት

ወንድሜ፣ የተናገሩት እውነት እንደሆነ አምናለሁ፤ ነገር ግን የባለቤትዎን ወንድም ያዳነው የገባበት የቪዛ ዓይነት ነው። ጎብኚ ሲገባ አይ-94 በተባለው የመግቢያ መዝገብ ላይ የመውጫው ቀን ይጻፍለታል፤ ያ ቀን ካለፈ በማግሥቱ ያለ ፈቃድ የቆየበት ጊዜ መቆጠር ይጀምራል። ተማሪ ሲገባ ግን መዝገቡ ላይ ሲሠራበት የኖረው ቀን ሳይሆን «ደረጃው እስከ ተጠበቀ ድረስ» የሚል ምልክት ነው። የተቆረጠ ቀን ስለሌለ፣ ትምህርቱን ቢያቋርጥም የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ወይም ዳኛ «ደረጃህን ጥሰሃል» ብሎ በይፋ እስካልወሰነ ድረስ ለአሥሩ ዓመት እገዳ የሚሆነው ቀን አይቆጠርበትም። ያለ ሕጋዊ ደረጃ መኖርና ለእገዳ የሚቆጠር ጊዜ ማሳለፍ በሕጉ ውስጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እኛ በአማርኛ ሁለቱንም «ወረቀት አልነበረውም» ብለን ስለምንጠራቸው ይምታታሉ።

መቁጠሪያው የማይሠራባቸው ሌሎች ሁኔታዎችም አሉ። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ አይቆጠርበትም። በቅንነት የቀረበ የጥገኝነት ማመልከቻ በእንጥልጥል ላይ ያለበት ሰውም፣ ያለ ፈቃድ ካልሠራ በቀር፣ አይቆጠርበትም። ስለዚህ የእኅታችን የአክስት ልጅ ማመልከቻውን ያስገባበትን ትክክለኛ ቀን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከመያዙ በፊትም ሆነ ከተለቀቀ በኋላ እስኪያመለክት ድረስ ያለው ጊዜ 180 ቀን ሞልቶ ይሆን አይሆን ጠበቃ ሊቆጥርለት ይገባል።

እገዳ ለሚመለከተው ሰው አይ-601ኤ የሚባል የይቅርታ ማመልከቻ አለ። ከ2013 ጀምሮ ሰው ከመውጣቱ በፊት እዚሁ ሆኖ አስቀድሞ ሊጠይቀው ይችላል። የሚሰጠውም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ባል፣ ሚስት፣ አባት ወይም እናት እጅግ የከፋ ችግር እንደሚደርስባቸው ሲረጋገጥ ነው። ብዙ ወገኖቻችን እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፤ እዚህ የተወለደ የአመልካቹ ሕፃን ልጅ ችግር በራሱ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው የልጁ ችግር ከላይ በተጠቀሱት ዘመዶች ላይ የሚያስከትለው ጫና ነው። ደግሞም የማባረር ክስ ፍርድ ቤት የተከፈተበት ሰው፣ ፋይሉ በአስተዳደራዊ ትእዛዝ ካልተዘጋለት በቀር፣ ይህን ማመልከቻ ማቅረብ አይችልም።

መልስ — ዲቪ የደረሰው

ከላይ የተጻፈውን የምመሰክረው በራሴ ላይ ከደረሰው ነው። ቪዛዬ ካለፈ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ዲቪ ሞልቼ ደረሰኝ፤ ዘመድ ሁሉ እልል አለ። አንድ ፎርም ሞዪ «እዚህ አይሰጥህም፣ አዲስ አበባ ሂደህ በሳምንት ትጨርሳለህ» አለኝ፤ የአውሮፕላን ቲኬትም ቆረጥኩ። በአጋጣሚ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በተዘጋጀ ነጻ የሕግ ምክር ላይ ተሰልፌ ወረቀቴን ያሳየኋት ጠበቃ ቲኬቱን እንድመልስ ነገረችኝ። የዲቪ ዕድለኛ እዚህ ሆኖ እንዲወስድ ሕጋዊ ደረጃውን ጠብቆ መገኘት አለበት፤ ለዜጋ ባልና ሚስት የሚደረገው ይቅርታ ለእኛ አይሠራም። ብወጣ ደግሞ አሥሩ ዓመት ይይዘኛል፤ ይቅርታውን ለመጠየቅ የሚያበቃኝ የትዳር ጓደኛም ሆነ ወላጅ እዚህ አልነበረኝም። ዲቪው በእጄ ላይ ዓመቱ አለፈ። ሐዘኑን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ሄጄ ቢሆን ግን እስከ ዛሬም እዚያው ነበርኩ።

መልስ — የአርሊንግተኑ መምህር

የእናትዎ ጥያቄ ሳይመለስ ስላለፈ እኔ ልሞክር። እናትዎን «አይደለም፣ ልጅሽ ወንጀለኛ አይደለም» ብለው ቢያረጋግጡላቸው እውነቱን ተናገሩ ማለት ነው። በቪዛ ገብቶ ቀኑ ካለፈ በኋላ መቆየት የፍትሐ ብሔር ጥሰት እንጂ በወንጀል የሚያስከስስ ድርጊት አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 የአሪዞናን የስደተኞች ሕግ በመረመረበት ጊዜ ዳኛ ኬኔዲ በጻፉት ውሳኔ፣ ሊባረር የሚችል ሰው በአገሪቱ ውስጥ መገኘቱ በመርሕ ደረጃ ወንጀል እንዳልሆነ በግልጽ አስቀምጠዋል። ያለ ፍተሻ ድንበር አቋርጦ መግባት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ሊያሳስር የሚችል ቀላል ወንጀል ነው፤ ከተባረሩ በኋላ ያለ ፈቃድ ተመልሶ መግባት ደግሞ ከባድ ወንጀል ነው። ስለዚህ የአክስትዎ ልጅ አገባብ በሕጉ መጽሐፍ ላይ ከወንድምዎ የተለየ ስም አለው። «ሕገ ወጥ» የሚለውን ቃል ለሁለቱም እኩል የሚያለብስ ሰው ሕጉን አላነበበም ማለት ነው።

ይህ የፍትሐ ብሔር ነገር ግን የሚጎዳ ገጽም አለው። ጉዳዩ የወንጀል ክስ ባለመሆኑ መንግሥት ጠበቃ አያቆምም፤ ጠበቃ ማቆም መብት ነው፣ ወጪው ግን የራስ ነው። የእናት ቋንቋውን ብቻ የሚናገር ሰው በአስተርጓሚ እየተረዳ፣ የመንግሥት ጠበቃ በተቃራኒው ቆሞ፣ ብቻውን የሚሟገትበትን ችሎት ተቀምጬ አይቻለሁ።

በእስር ላይ ያለው ልዩነትም በቅርቡ ሰፍቷል። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በመስከረም 2025 በሰጠው ውሳኔ፣ ሳይፈተሹ የገቡ ሰዎች ከተያዙ የኢሚግሬሽን ዳኛ በዋስ ሊለቃቸው ሥልጣን እንደሌለው ወስኗል። ብዙ የፌዴራል ዳኞች ይህን ትርጉም ሳይቀበሉ ቀርተው በየፋይሉ የዋስ ችሎት እንዲሰማ አዘዋል፤ ክርክሩም ከአውራጃ አውራጃ ይለያያል። በቪዛ የገባ ሰው ግን ይህ ውሳኔ አይመለከተውም፤ ቢያዝ ዋስ መጠየቅ ይችላል። እዚህም ላይ የሚለያቸው የገቡበት በር ነው።

በዕለት ተዕለት ኑሮ ሁለቱም የሚጋሩት መብት አለ። በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቴክሳስ ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ መሠረት ማንኛውም ሕፃን የወላጆቹ ወረቀት ሳይጠየቅ በመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራል፤ እኔም በማስተምርበት ክፍል ውስጥ የትኛው ተማሪ ወረቀት እንዳለው አላውቅም፣ አልጠይቅምም። ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ከ2014፣ ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ ሕጋዊ ደረጃ ለሌለው ነዋሪ መንጃ ፈቃድ ይሰጣሉ፤ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግን እንደ መታወቂያ አያገለግልም።

መልስ — የጠበቃ ረዳት

መምህሩ መንጃ ፈቃድን ሲያነሡ አንድ ነገር አስታወሱኝ፤ ከጥያቄው ትንሽ ወጣ ቢልም ልጨምረው። በመንጃ ፈቃድ ቢሮ ጸሐፊዋ በልማድ «መራጭ ሆነው መመዝገብ ይፈልጋሉ?» ብላ ትጠይቃለች፤ በሥራ ቅጥር ጊዜም አይ-9 የሚባለው ቅጽ ላይ «የአሜሪካ ዜጋ» የሚል ሳጥን አለ። ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ሥራውን ለማግኘት ያን ሳጥን ምልክት አድርጎበት ከሆነ፣ ከመስከረም 30 ቀን 1996 ወዲህ ባለው ሕግ ዜጋ ነኝ ብሎ በሐሰት መናገሩ ግሪን ካርድን ለዘለቄታው ሊያስከለክል ይችላል፤ በጋብቻ ለሚያመለክት ሰውም ይቅርታ የለውም። ቪዛ ማሳለፍን፣ ያለ ፈቃድ መሥራትንም የሚያልፈው ሕግ ይህችን አንዲት ሳጥን አያልፍም። ወንድምዎ ባለፉት ዓመታት የት የት ሠርቶ ምን ምን እንደፈረመ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ለጠበቃ በዝርዝር ይንገር። የቃለ መጠይቁ ቀን ላይ የሚደነግጥበት ነገር እንዳይሆን፤ ማመልከቻው ውድቅ ሲሆን ወደ ማባረር ክስ ሊመራ ይችላልና።

እኅታችን ጥገኝነትንም ስላነሡ በአጭሩ፦ ከገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት ግዴታ ነው፤ ነገር ግን በአገር ቤት ሁኔታው ከተለወጠ ሕጉ የዘገየን ሰው ሊቀበል ይችላል። ከኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ወይም ከነሐሴ 2023 የአማራ ክልል ግጭት ጋር በተያያዘ ስጋቱ አዲስ የተፈጠረበት ሰው ይህን ማንሣት ይችላል፤ ለውጡ ከደረሰ በኋላ ግን ብዙ ሳይቆይ ማመልከት ነበረበት። በ2022 ለኢትዮጵያውያን የታወጀው ከመባረር የሚያድን ጊዜያዊ ጥበቃም ቢሆን አስተዳደሩ የሚያራዝመው ወይም የሚያቋርጠው ነበር፤ በ2025 መጨረሻም እንዲቋረጥ መወሰኑን አስታውቋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2021 ይህን መሰል ጥበቃ ማግኘት በሕጋዊ በር እንደመግባት አይቆጠርም ብሎ በአንድ ድምፅ ወስኗል።

መልስ — እኅታቸው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ የአክስቴን ልጅ ሻንጣ ዘርግፈን ክምሩን አንድ በአንድ አየነው። ከስልክ መቆጣጠሪያው መመሪያና ከፍርድ ቤት መጥሪያው ሥር፣ ፎቶግራፉ ያለበትና ቁጥር 212(ዲ)(5) የተጻፈበት አንድ ወረቀት ተገኘ። የተጻፈበት ጊዜ ግን ካለፈ ቆይቷል። ይህ ዋጋ አለው? ሠርጉንስ ከቀጠሮው በፊት ማድረግ አለብን?

ስለ ወንድሜ ደግሞ፣ አዲስ አበባ የመሄዱን ሐሳብ ጨርሰን ትተነዋል። ፎርም ሞዪውን ብንጠይቀው ቀብዱን አልመልስም ብሎናል።

መልስ — የጠበቃ ረዳት

ይህ መልካም ዜና ነው። ፓሮሉ ጊዜው ማለፉ ብቻውን አያስጨንቃችሁ፤ አንቀጽ 245 የሚጠይቀው በፓሮል መግባቱን እንጂ ፓሮሉ ዛሬም መጽናቱን አይደለም። የዜጋ ባል ከሆነ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለ ደረጃ የቆየበት ጊዜ ይታለፍለታል። ወረቀቱን በላስቲክ አድርጉት፤ ቅጂውን በስልክ አንሡ፤ ኦርጅናሉን ለማንም አትስጡ። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ስለሆነ ማመልከቻውን ዳኛው ወይስ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ እንደሚያየው የሚያጣራው ጠበቃ ነው። ክስ ከተከፈተ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻም በጥብቅ ስለሚመረመር፣ ሠርጉን ለቀጠሮ ሲባል ማጣደፍ አያስፈልግም፤ የትዳሩን እውነተኛነት የሚያሳይ ማስረጃ ግን ከአሁኑ መሰብሰብ አለበት። የጥገኝነት ማመልከቻውን እንዳትስቡት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ቀጠሮውን ግን በፍጹም እንዳይቀር። በቃል ማስጠንቀቂያ ተነግሮት ካልተገኘ በሌለበት የመባረር ውሳኔ ይሰጥበታል፣ ለ10 ዓመትም በጋብቻው ግሪን ካርድ መውሰድ ይከለከላል፤ አሁን ያገኛችሁት ወረቀት ያን ጊዜ አይረዳውም። ቤት ከቀየረም በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ አድራሻውን ለፍርድ ቤቱ ማሳወቅ አለበት፤ ፖስታ ወደ አሮጌ አድራሻ እየሄደ ስንቱ ሳያውቅ ተፈርዶበታል።

ቀብዱን ለጊዜው ተዉት። ከፎርም ሞዪው ዛሬውኑ መቀበል ያለባችሁ የወንድምዎን ፓስፖርት ነው። የ2017ቱ የደለስ ማኅተም ያለው እዚያ ላይ ነው፤ አይ-94 መዝገቡ በኢንተርኔት ሊወጣ ቢችልም የሀበሻ ስም አያትና አባት እየተቀያየረ ስለሚመዘገብ ፍለጋው ብዙ ጊዜ ባዶ ይመጣል። ፓስፖርቱን ስትቀበሉ ገጾቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ።